ስሙን የወረሰው ጫኝ

ኦስዋርድ ቺታሉ ሲጠሩት ዝም ማለት አያውቅም። ከሉዋንሽያ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ንዶላ፣ ማሳላ ገበያ የወረደ ቀንም እንደዚያው ነበር። ባሌ ከሩቅ ስሙን ሲጠራው የትኛው ሰው እንደጠራው አላወቀም፤ ወደ ቲማቲም ሻጮቹ ዞሮ አቤት አለ፣ ወደ ሚኒባሱ ረዳት ዞሮ አቤት አለ፣ በመጨረሻ ወደኛ ዞሮ አቤት አለ። ጢሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነበር። አባቱ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሳንባውን ጨርሶ ሞቷል። እናቱ የባሌ ታላቅ እህት ናት። በእኛ በቤምባዎች ዘንድ የእህት ልጅ የአጎቱ ነውና ማንም አልጠየቀንም፤ ልጁ መጣ፣ ፍራሽ አነጠፍንለት።

ትምህርቱን ብዙ አልገፋበትም። እኔ ራሴ ከአምስተኛ ክፍል ወጥቼ ቲማቲም የምሸጥ ሴት ነኝና ምን ብዬ እገፋዋለሁ? ባሌ ዊልብሮድ በሚሠራበት የበቆሎ ወፍጮ ጫኝ አድርጎ አስገባው። ትከሻው ሰፋ፣ ድምፁ ጎረነነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በካርቶን የሚሸጠውን የማሽላ ጠላ ጠጥቶ እየዘፈነ ይገባ ነበር። ሰው ሲያሾፍበት አይቆጣም። ሥራ ሲያዙት እንቢ አይልም። ይሄ ጠባዩ ያናድደኝ ነበር፤ የማይቆጣ ሰው ላይ ሌላው እንደልቡ ይጭናል።

ባሌ እዚያው ወፍጮ ቤት የጥገና ክፍሉ ጸሐፊ ነበር። ድሮ ማሽን የሚጠገነው ሲሰበር ነበር። በኋላ ጆሃንስበርግ የሚኖረው ባለቤት በኮምፒውተር የሚሠራ የጥገና ፕሮግራም አመጣ። ለእያንዳንዱ ማሽን ቁጥር ተሰጠው። የትኛው ኩሽኔታ መቼ ግሪስ እንደሚቀባ፣ የትኛው ቺንጋ መቼ እንደሚቀየር፣ የጭነት ሊፍቱ ፍሬን መቼ እንደሚታይ ፕሮግራሙ ራሱ ያስታውሳል። ጊዜው ሲደርስ መስመሩ ቢጫ ይሆናል። ሳይሠራ ካለፈ ይቀላል። መካኒኩ ሠርቶ ሲጨርስ ጸሐፊው "ተሠርቷል" የሚለውን ይጫንና አረንጓዴ ይሆናል። ነገሩ በራሱ ክፉ አይደለም። ዊልብሮድ ወዶት ነበር። "ማሽኑ ሳይታመም ሐኪም ያየዋል" ይለኝ ነበር እራት ላይ፤ "እኛን ግን ከታመምን በኋላም አያየንም።"

ክፋቱ የመጣው ባለቤቱ አረንጓዴና ቀዩን እዚያው ጆሃንስበርግ ሆኖ በስልኩ ማየት ሲጀምር ነው። ቀይ ባየ ቁጥር ይደውላል። የሚደውለው ለጥገና ኃላፊው ለሲንካላ ነው። ሲንካላ ደግሞ የተሰደበውን ስድብ ይዞ ወደ ባሌ ይመጣል። መለዋወጫ ይገዛ ሲባል ያው ባለቤት ገንዘብ አይልክም፤ መስመሩ ሲቀላ ግን ይጮኻል። ባሌ ቅዱስ ነበር አልልም። ዝናብ ሲጥል ግቢውን አቋርጦ ከመሄድ ወንበሩ ላይ ሆኖ አረንጓዴ ያደረገው ነገር እንዳለ ራሱ ነግሮኛል። በሊፍቱ ፍሬን ላይ ግን አያደርገውም ነበር። ከሊፍቱ ሥር የሚሠራው የእህቱ ልጅ ነዋ።

አንድ ነገር ደግሞ ነበር። ፕሮግራሙን የሸጡት ሰዎች የሚያስከፍሉት በተጠቃሚ ስም ነው። ስም በበዛ ቁጥር ክፍያው ይበዛል። ኩባንያው ለጥገና ክፍሉ አንድ ስም ብቻ ገዛ፤ የባሌን። ማን ሠራ፣ ማን አየ ሳይባል በዚያ ክፍል የተሠራው ሁሉ "ዊልብሮድ ካላባ" እየተባለ ይመዘገባል።

ዊልብሮድን በዝናቡ ወራት ደም ግፊቱ ጣለው፤ አልተነሳም። ኩባንያው ሳጥንና መኪና ሰጠ፣ ለለቅሶው ዱቄት ላከ። ሲንካላ መቃብሩ ላይ ክራቫቱን አስተካክሎ ንግግር አደረገ። "ወንድማችን ሥራውን ጨርሶ ዐረፈ" አለ።

አላሳረፉትም።

በባሌ ወንበር የተተካችው ኤነላ ጄሬ የምትባል ከምሥራቅ የመጣች ልጅ ናት። ኮሌጅ ገብታ ኮምፒውተር ተምራለች፤ አባት የሌለው ሕፃንም አላት። አንድ ቀን ቲማቲም ልትገዛ መጥታ ስትመርጥ ቆየችና ቀና አለች።

"የምዌንያ እናት፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እንዳይደነግጡ ግን።"

ምዌንያ የመጀመሪያ ልጄ ናት።

"ባል ቀብሬያለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ያስደነግጠኛል? ተናገሪ።"

"ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት 'እንኳን ደህና መጡ ዊልብሮድ ካላባ' ይለኛል። ለኔ ስም አልከፈቱልኝም። በሳቸው ስም ነው የምሠራው።"

ቲማቲሙ ከእጄ ወደቀ።

"ይቀየርልኝ አላልሽም?"

"ብያለሁ። ሚስተር ሲንካላ ስም በዶላር ነው የሚገዛው አሉኝ። ያለው ስም ምን ሆነ አሉ። 'ሟች እኮ ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ ፈቃድ አይጠይቅ፣ ትርፍ ሰዓት አይጠይቅ።' እንደዚህ ብለው ሳቁ።"

ሄድኩ። የቀብር ሽርጤን፣ ቺቴንጌዬን፣ እንዳገለደምኩ ቢሮው ገባሁ። ሲንካላ ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃ አስመጣልኝ፣ ስሙን ከኮምፒውተሩ አውጣልኝ ስለው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

"ይሄ እኮ ክብር ነው የምዌንያ እናት። ኩባንያው አልረሳውም ማለት ነው።"

"ክብሩ ይቅርብኝ፣ ሚስተር ሲንካላ። ሰውየው ይተኛ።"

"እናየዋለን" አለ። እናየዋለን ሲሉኝ እንቢ ማለታቸው እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ወጣሁ። ምን አደርጋለሁ? የሚሸጥ ቲማቲም አለኝ።

ዓመቱ ሲሞላ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። በእኛ ዘንድ የሟች ስም መሬት ወድቆ አይቀርም፤ ከዘመዶቹ አንዱ ይወርሰዋል። የባሌ ታላቅ አጎት ሽማግሌው ቺፒሊ ከመንደር መጡ። ኦስዋርድን መሃል አስቀምጠው ውሃ በኩባያ አጠጡት፣ እጁ ላይ ነጭ ዶቃ አሰሩለት። "ከዛሬ ጀምሮ ዊልብሮድ ካላባ ነህ" አሉት። "ልጆቹ ልጆችህ ናቸው። ዕዳው ዕዳህ ነው። በዚህ ስም የጠራህ ሰው አንተን ጠርቷል። አይደለሁም ብትል እሱን ሁለተኛ ቀበርከው።" ኦስዋርድ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። ሚስትም የምትወረስበት ዘመን ነበር፤ እኔን ግን እጄ ላይ ዶቃ በማሰር ብቻ ነፃ አወጡኝ። "እኔን ከምትወርስ ጣሪያዬን ጠግንልኝ" አልኩት፤ ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀ።

ጠገነው። እዚህ ላይ ነው ሰውየው የተለወጠው። ቅዳሜ መጠጣቱን ተወ። ደሞዝ ሲወጣ መጀመሪያ ወደኛ ቤት ይመጣል፣ ዱቄትና ዘይት ያስቀምጣል፣ የደረቀ ዓሣ ሳይቀር። የምዌንያ አስተማሪ ወላጅ ይምጣ ስትል ቱታውን አራግፎ እሱ ሄደ። ልጆቹ አባዬ ይሉታል። እኔንም ድሮ እማ ይለኝ የነበረው፣ እንደ ባሌ የምዌንያ እናት ማለት ጀመረ። ሳያሾፍ ነው የሚለው። እኔ ስም ተቀበለ ብዬ ነበር፤ እሱ ሰውየውን ነው የተቀበለው።

ወፍጮ ቤት ግን ለሹፈት ሆነላቸው። የእኛ ሰውና የምሥራቁ ሰው ሲገናኝ በቀልድ መሰዳደብ መብቱ ነው፤ ኤነላ ደግሞ መብቷን ታውቃለች።

"አንተ ዝንጀሮ በሊታ" ትለዋለች በመስኮት፣ "ና ወንበርህ ላይ ተቀመጥ፤ ኮምፒውተሩ ጠዋት እንኳን ደህና መጣህ ሲልህ ከረጢት ተሸክመህ አልሰማህም።"

"አንቺ አይጥ በሊታ፣ ሞቅ አድርገሽ ጠብቂልኝ፤ ጡረታ ስወጣ እመጣለሁ።"

ሲንካላም ሰምቶ ሳቀ አሉ። "ይኸው፣ ኮምፒውተሩ አልዋሸም። ዊልብሮድ ካላባ ሥራ ላይ ነው" አለ። ያን ጊዜ የሳቀው ሁሉ ዛሬ ሳስበው ደሜን ያፈላዋል።

በብርዱ ወራት የሊፍቱ ፍሬን መንሸራተት ጀመረ። ይሄ ሊፍት የበቆሎ ከረጢት ከምድር ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣ ነው። የፍሬኑ ሸራ አልቋል፣ ይገዛ ተብሎ ተጠይቋል፣ አልተገዛም። ጫኞቹ ሊፍቱ ከላይ ቆሞ ወደ ታች ሲያፈገፍግ በዓይናቸው ያያሉ። ኦስዋርድ ሲንካላን ግቢው ውስጥ አግኝቶ ነገረው።

"አለቃ፣ ሊፍቱ ይንሸራተታል።"

"የትኛው ሊፍት? አንደኛውን ሊፍት እኮ ዛሬ ጠዋት ስክሪኑ ላይ አይቼዋለሁ። አረንጓዴ ነው።"

"ስክሪኑ ላይ አይደለም የምሠራው አለቃ፣ ከሥሩ ነው።"

"ኮምፒውተሩ ደህና ነው ያለውን ነገር አንተ ጫኙ ልታርመው ነው? ሂድ፣ ጫን።"

ሄዶ ጫነ። በዚያው ሳምንት ሊፍቱ ሙሉ ጭነቱን ይዞ ቁልቁል ወደቀ። ከሥሩ የነበረው ኖሪስ የሚባል ጫኝ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ከኦስዋርድ ጎን የሚቆም። ኦስዋርድና ሌሎቹ ከረጢቱን በእጃቸው እየወረወሩ አወጡት። ሆስፒታል ደረሰ፣ እግሩን ግን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

ኦስዋርድ ማታ ቤት ሲገባ ደምና ዱቄት ተለውሶ ቱታው ላይ ደርቆ ነበር። ንሺማ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ አቀረብኩለት፤ አልነካውም።

የኢንሹራንሱ ድርጅት ከሉሳካ መርማሪ ላከ። ሙሌያ ይባላል። ከደቡብ የመጣ ሰው፣ ጨዋ፣ ጫማው የተወለወለ። ከሲንካላ ጋር ቢሮ ተቀምጦ ከኮምፒውተሩ የወጣውን ተመለከተ። የአንደኛው ሊፍት ፍሬን ታይቶ ደህና መሆኑ ተመዝግቧል። ያረጋገጠው ዊልብሮድ ካላባ ነው ይላል።

"ይሄ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀ ሙሌያ።

ሲንካላ ዓይኑን አላርገበገበም አሉ። "አለ" አለ። በሩ ላይ ወዳለው ጥበቃ ዞሮ፣ "ዊልብሮድ ካላባን ከመጫኛው ጥራው" አለ።

ይህን የሚያህል ውሸት አንድም የውሸት ቃል ሳይናገር ዋሸ። ሲንካላ የኛ አገር ሰው ነው፤ ስም ምን እንደሆነ ያውቃል። በዚያ ስም የተጠራ ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስም ያውቃል። መቃብሩ ላይ ቆሞ ንግግር ያደረገ ሰው ነው።

ኦስዋርድ ገባ። ከዚያ የሆነውን ራሱ ነው የነገረኝ፤ ቤት መጥቶ በሩ ሥር ተቀምጦ።

"ዊልብሮድ ካላባ ነህ? አለኝ። ነኝ አልኩ። ይሄ ስም ያንተ ነው? አለኝ። የኔ ነው አልኩ። ፈርም አለኝ። ፈረምኩ። ከዚያ ሚስተር ሲንካላ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተሃል፣ ነገሩ ለፖሊስ ይሄዳል፣ ከንዶላ እንዳትወጣ አለኝ።"

በእጄ የያዝኩትን ድስት ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ካላስቀመጥኩት ጭንቅላቱ ላይ እጥለው ነበር።

"ጫኝ ነኝ አትልም? ኮምፒውተር እንዴት እንደሚከፈት አላውቅም አትልም?"

"ምን ትሠራለህ ብሎ አልጠየቀኝም፣ የምዌንያ እናት። ማነህ ነው ያለኝ።"

"እና ብትዋሽስ?"

"ዋሸሁ እንዴ? ውሃውን ስጠጣ አንቺም እዚያው ነበርሽ።"

ነበርኩ። እዚያ መኖሬ ጭራሽ አናደደኝ። የኖሪስ እግር መቆረጥ ያንገበገበው ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ ኦስዋርድ ይቀስራል። ዘብጥያ መውረዱ ነው። የሚያስወርደው ደግሞ እኛ ሰብሰብ ብለን፣ አልቅሰን፣ እጁ ላይ ያሰርንለት ዶቃ ነው።

መጀመሪያ ኤነላ ጋ ሄድኩ። የወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጠብቄ ያዝኳት።

"አረንጓዴውን ማን ተጫነ?"

ሕፃኗን አዝላ ነበር። ዓይኗን ከኔ አሸሸች።

"የምዌንያ እናት፣ እባክዎ።"

"እባክዎን ተይው። ማን ተጫነ?"

"ይሄ ልጅ የሚበላው ከዚህ ሥራ ነው።"

"ኦስዋርድስ ከየት ነው የሚበላው? ከአይጥ ጉድጓድ?"

አልሳቀችም። እኔም ለሳቅ አልተናገርኩም። ሚኒባስ ውስጥ ገብታ ሄደች።

ከዚያ የባሌን የሞት የምስክር ወረቀት በቺቴንጌዬ ጫፍ ቋጥሬ ሙሌያ ያረፈበት እንግዳ ማረፊያ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ቁርስ እየበላ ነበር። ወረቀቱን ሳህኑ አጠገብ ዘረጋሁለት።

"ጌታዬ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ዊልብሮድ ካላባ ባሌ ነው። መቃብሩን ላሳይዎት እችላለሁ። ያ ነኝ ብሎ የፈረመው ልጅ የእህቱ ልጅ ነው፤ ስሙን የወረሰ ነው እንጂ እሱ አይደለም። የእኛን ወግ ስለማያውቁ ነው የተሳሳቱት።"

ወረቀቱን አነበበ። እንቁላሉን ገፋ አደረገ።

"አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"ወጉን። በእኛም አገር አለ። እኔም ራሴ የአጎቴን ስም ወርሻለሁ። ልጁ 'ነኝ' ከማለቱ በፊት መሬት መሬት ሲያይ ገብቶኛል።"

ከዚያ በኋላ አንቱ ማለት አቃተኝ።

"እያወቅህ አስፈረምከው?"

"እመቤቴ፣ ይረጋጉ።"

"እኔ ረግቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ረግቼ ኖሬያለሁ። እያወቅህ ነው ወይ ያልኩህ?"

"እኔ የተላክሁት ስሙ የማን እንደሆነ ላጣራ ነው። ስሙ ያለው ሰው መጣ፣ ነኝ አለ፣ ፈረመ። ኃላፊው አጠገቡ ቁጭ ብሎ አላስተባበለም። እኔ ምን ብዬ ልጻፍ?"

"እውነቱን።"

ሻዩን አማሰለ። "ነገ ጠዋት ወደ ሉሳካ ከመሄዴ በፊት ወፍጮ ቤቱ እገባለሁ" አለ። "ራሱ መጥቶ እኔ አይደለሁም ካለ የጻፍኩትን እቀድደዋለሁ። እርስዎ ስላሉኝ ግን አልችልም። የፈረመው እሱ ነው።"

ቤት መጥቼ ለኦስዋርድ ነገርኩት። እንጨት እየፈለጠ ነበር፤ መጥረቢያውን አላስቀመጠም።

"አይደለሁም ብዬ ከዚያ ቢሮ ከወጣሁ፣ ምዌንያ ምን ብላ ትጠራኛለች?"

"ከእስር ቤት አጥር ውጭ ቆማ ምን ብላ ትጥራህ?"

"እዚያማ አባዬ ብላ ነው የምትጠራኝ።"

"እኔ የሰጠሁህን ስም እኔ መልሼ እወስደዋለሁ። ሽማግሌውን አስጠራለሁ።"

"አንቺ አይደለሽም የሰጠሽኝ" አለ፤ እንጨቱን ለሁለት ከፈለው። ያን ያህል ዓመት እንቢ በል ስለው የኖርኩት ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቢ ያለው እኔን ነው።

ጠዋት ግን ታጥቦ፣ የባሌን ኮት ለብሶ ተነሳ። ምን ሊል እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም ከኋላው ሄድኩ። ጥበቃው ሊመልሰኝ ነበር፤ "ሞክረኝ" አልኩት፤ ተወኝ።

ቢሮው ውስጥ ሙሌያ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ሲንካላ መስኮቱን ተደግፎ ቆሟል። ኤነላ ጥጉ ላይ ኮምፒውተሩ ፊት ነበረች፣ በባሌ ወንበር።

"ትናንት ይህች እናት ያሉኝ ነገር አለ" አለ ሙሌያ ወደ ኦስዋርድ ዞሮ። "እንደገና እጠይቅሃለሁ። ዊልብሮድ ካላባ ነህ?"

"ነኝ" አለ ኦስዋርድ።

ግድግዳውን ያዝኩ። ሲንካላ በአፍንጫው ሳቀ፤ "እንግዲህ ጨርሰናል" አለ።

"እኔ አልጨረስኩም" አለ ኦስዋርድ። ድምፁን አላነሳም። ግን ድምፁ የሱ አልነበረም፤ ባሌ ልጆቹን ቁጭ አድርጎ ሲመክር እንደዚያ ነበር የሚናገረው፣ ቀስ ብሎ፣ አንዱን ቃል ከአንዱ አርቆ። "ዊልብሮድ ካላባ ነኝ። አምና በዝናቡ ወራት ሞቻለሁ። ሚስተር ሲንካላ፣ አንተ መቃብሬ ላይ ቆመህ ዐረፈ ብለሃል፤ ሰምቼሃለሁ። ፍሬኑ ታየ የተባለው ዘንድሮ በብርዱ ነው። እኔ በሌለሁበት ስሜን ይዞ ሲሠራ የነበረው ማነው?"

"ይሄ ቲያትር ነው" አለ ሲንካላ። "ሚስተር ሙሌያ፣ ይሄን ጉድ ይጽፉታል?"

ሙሌያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር፤ በሽማግሌ ፊት እንደሚቀመጥ ሰው።

ኦስዋርድ ወደ ጥጉ ዞረ። ያቺን በመስኮት ስትሰድበውና ሲሰድባት የኖረችውን ልጅ እንደ ትልቅ ሰው አያት።

"ኤነላ ልጄ" አላት። "ወንበሬን ትቼልሽ ነው የሄድኩት። ስሜን ምን አደረግሽው?"

ኤነላ አፏን በእጇ ያዘች። ለኔ እባክዎ ማለት ትችላለች፤ ለሉሳካው ሰው ዝም ማለት ትችላለች። ለሞተ ሰው ግን በፊቱ ዋሽቶ የሚያድር የለም፤ በሷም አገር የለም፣ በእኛም አገር የለም።

"እኔ ነኝ የተጫንኩት አባባ" አለች። "ሸራው አልተገዛም፣ ፍሬኑን ያየው ሰው የለም ብያቸው ነበር። ሚስተር ሲንካላ ከኋላዬ ቆመው፣ ባለቤቱ ቀይ ማየት አይፈልግም፣ ተጫኚ አሉኝ። አንድ ጊዜ አይደለም። በያንዳንዱ ወር ነው።"

"ውሸታም" አለ ሲንካላ።

"ኖሪስ እግሩ ተቆርጧል ሚስተር ሲንካላ" አለች ኤነላ። "እኔ ከዚህ በላይ አልችልም።"

ሙሌያ እስክሪብቶውን አነሳ። ረጅም ጊዜ ጻፈ። ኦስዋርድ የፈረመበትን ወረቀት አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው፤ በሌላ ወረቀት ኤነላን አስፈረማት፣ በራሷ ስም። ሲወጣ በሩ ላይ ለኦስዋርድ ጎንበስ ብሎ እጁን አጨበጨበ፤ ታላቅ ሰውን ሲሰናበቱ እንደሚደረገው። እኔን ሊያየኝ አልቻለም። እኔም እንዲያየኝ አልፈለግሁም።

ፖሊስ ኦስዋርድን አልጠራውም። ነገሩ ከሱ ላይ ወረደ። የተደሰትኩ የሚመስለው ሰው ካለ ግን ተሳስቷል። ኦስዋርድን ወደ ሥራው አልመለሱትም፤ አስቸጋሪ ነው ተባለ፣ ያ እንቢ የማይል ሰው። አሁን ገበያ ውስጥ በጋሪ ዕቃ ያመላልሳል። ኤነላን በዚያው ቀን አባረሯት። ሲንካላን ካብዌ ወዳለው ሁለተኛው ወፍጮ ቤት አዛወሩት፤ እዚያም ያው ፕሮግራም አለ። ኖሪስ ክራንች ተሰጥቶታል። የሊፍቱን ፍሬን ሸራ ገዝተው ገጠሙት፤ የሰው እግር ከሄደ በኋላ ለመግዛት አንድ ሳምንት አልፈጀባቸውም።

እሑድ ከሰዓት ኤነላ ቤታችን መጣች። ሕፃኑን አዝላ አጥሩ ጋ ቆመች። ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ ቀና አላልኩም።

"የምዌንያ እናት፣ ግቢ በያት" አለ ኦስዋርድ።

"አንተ ግቢ በላት።"

ገባች። በርጩማ ሰጣት። ውሃ አመጣላት።

"ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት" አለችኝ።

"በሩ ላይ ስለምንሽ ሚኒባስ ውስጥ ገብተሽ ሄድሽ።"

"አዎ።"

"እሱ እስር ቤት ሊገባ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ነው ይቅር የምልሽ? እግሬ አለ። ሂጂ ኖሪስ ጋ።"

"ልሄድ ነበር" አለች። "ሚስቱን ፈራኋት። ብቻዬን አልቻልኩም።"

ኦስዋርድ ተነስቶ ጫማውን ፈለገ። "ተነሽ አይጥ በሊታ" አላት። "ሳይመሽ እንድረስ።"

እሷ ፊቷን ጠርጋ ተነሳች፣ ሕፃኑን አስተካክላ አዘለች። ልብሱን ባልዲ ውስጥ ተውኩት። ቺቴንጌዬን አጥብቄ ተከተልኳቸው፤ የኖሪስ ሚስት በር ላይ ብትጮኽባት የሚቆም ሌላ ሴት ያስፈልጋል። መንገዱን ሙሉ ግን አላናገርኳትም።